ምዝግዝግ ወዲያ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አጣዬ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዋን ለጊዜው ለሰው እንተውለት። ከሷ ዝቅ ብሎ፣ የማሽላው ማሳ አልቆ ቁጥቋጦው በሚጀምርበት ዳርቻ፣ አንድ ያረጀ ቁርቁራ ነበር፤ ከሥሩም አንድ የአቧራ ጎድጓዳ። ሰው ቢያየው አህያ የተንከባለለበት ነው ብሎ ያልፈዋል። ለምድር ወፎች ግን ገላ መታጠቢያቸው ነው፤ ቅማላቸውን የሚያራግፉት በውሃ ሳይሆን በአቧራ ነውና።

በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ የቆቅ ጫጩትና አንድ የጅግራ ጫጩት ተዋወቁ።

ቆቅና ጅግራ ብዙም አይራራቁም። ሁለቱም ከመብረር መሮጥ ይቀናቸዋል፤ ሁለቱም የረገፈ ማሽላ ለቅመው፣ ምስጥ ጭረው ያድራሉ። የሚለያቸው አፈራራቸው ነው። ቆቅ ሲፈራ ጭጭ ይላል፤ ከአፈሩና ከሣሩ ጋር አንድ ቀለም ሆኖ፣ እግር ሊረግጠው ስንዝር እስኪቀረው አይንቀሳቀስም። ጅግራ ሲፈራ ይጮኻል፤ መንደሩን ሁሉ ቀስቅሶ፣ እየተንጫጫ ዛፍ ላይ ይወጣል። ማታም ቆቁ መሬት ላይ ሲያድር ጅግራው ቅርንጫፍ ላይ ያድራል። ስለዚህ የጅግራው ልጅ ቆቁን «ጭጬ» አለው፤ ቆቁም ጅግራውን «ኳኳቴ»። ስማቸው ይኸው ሆኖ ቀረ። እናቶቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚጠራ ጠፋ።

ልጅነታቸውን ብዙ አላወራም፤ ደስታ ለተራኪ አይመችም። ይህን ብቻ ልበል። ጭጬ ኳኳቴን ዝም ማለት አስተማረው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጉሮሮውን የሚያሳክከውን ጩኸት ዋጥ አድርጎ፣ ክንፉን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በልቡ እስከ መቶ መቁጠር። ኳኳቴ ሠላሳ ሳይደርስ ያመልጠዋል። በተራው ደግሞ ጭጬን ጩኸት ሊያስተምረው ሞከረ። ቆቅ ጎህ ሲቀድ ይጣራል እንጂ ፈርቶ መጮህ በዘሩ የለም። ጭጬ አንገቱን ይመዛል፣ አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ኳኳቴ በሳቅ አቧራው ላይ ይንከባለላል።

በረዶ በጣለ በአንድ ሌሊት ጭጬ ከእናቱ ተነጥሎ በኳኳቴ እናት ክንፍ ሥር አደረ። በሰው ወግ ቢሆን የጡት ልጅ ይባል ነበር፤ የጡት ልጅ ደግሞ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ጅግራ ጡት ስለሌላት ነገሩ በክንፍ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ግን አመሻሽ ላይ ልጆቿን ስትቆጥር እሱንም ትጨምር ጀመር፤ ያልመጣ እንደሆነም «ያ ዝምተኛው የት ቀረ?» ሳትል አትተኛም።

እሑድ እሑድ ሁለቱ ወደ ሰንበቴ ይወርዱ ነበር። የሰንበቴን ገበያ ያየ ያውቀዋል። ከደጋው እህል የጫነ አህያ ይወርዳል፤ ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይወጣል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ዋጋ ይከራከራል። በስንት ቋንቋ እንደሚከራከሩ ለወፍ ጉዳይዋ አይደለም። ወፍ የምታየው የትኛው ጆንያ እንደሚያፈስ ነው። ሁሉም ጆንያ ያፈስ ነበር።

በጥቅምት፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር፣ ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ የመንገድ ወፍ ነው፤ መጥቶ፣ በልቶ፣ ይሄዳል። አንዷ ግሪሳ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ስለሆነ ምን አላት ያሰኛል። መንጋው ሚሊዮን ሲሆን ግን የአንድ ቀን ቀለቡ 100 ኩንታል ነው። የይፋት ገበሬ ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ያውቀዋል። ልጆቹን ማማ ላይ ያወጣል፤ ልጆቹም ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ሲያጮኹ ይውላሉ።

ድንጋዩ የሚወነጨፈው ለግሪሳ ነው። ግሪሳው ግን ድንጋዩ ሳይደርስ ተነሥቶ ሌላ ማሳ ገብቷል። ድንጋይ አንዴ ከተወረወረ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም፤ የሚወድቀው መሬት ላይ ነው፤ መሬት ላይ ያሉት ደግሞ ቆቅና ጅግራ ናቸው። የኳኳቴ አጎት አንድ እግሩን ያጣው እንዲህ ነው። ነገሩ የበረታበት ዓመት መንግሥት አውሮፕላን ልኮ መርዝ ያስረጫል፤ መርዙም ያረፈበትን ሁሉ ይገድላል እንጂ ለማን እንደተላከ አያውቅም።

ሰዎች «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚል ተረት አላቸው። ዒላማውን ለሳተ ሰው ነው የሚሉት፤ ብለውትም ይሥቃሉ። በምድር ወፎች መንደር ግን ማንም አይሥቅበትም። እዚያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ወዲያ ማን ነበር?

ከዚያ እሳቱ መጣ። መጋቢት ነበር፤ በልጉ ዘግይቶ ሣሩ ክው ብሎ ደርቋል። እሳቱ በሌሊት ተነሣ። ጅግሮቹ ከዛፎቻቸው ላይ እየጮኹ ተበተኑ። ቆቆቹ ደንባቸው ነውና ጭጭ አሉ። ለጭልፊት የሚበጅ ደንብ ለእሳት አይሆንም። ጠዋት የጭጬ እናት ክንፏን በሦስት ልጆቿ ላይ እንደዘረጋች ተገኘች። አንዳቸውም ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም ነበር። ጭጬ የዳነው አምሽቶ ወንዝ ዳር ስለቀረ ብቻ ነው፤ ይህንንም ለራሱ ይቅር ብሎ አያውቅም።

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ላቁመው። በሰው አገርም አጣዬ ተቃጥላለች። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት አንዴ፣ ወር በቅጡ ሳይሞላ በሚያዝያ ደግሞ የባሰው። ሰው ሞቷል፤ ቤትና ሱቅ ነዷል፤ ነዋሪው በእግሩ ሸሽቷል፤ ብዙው ደብረ ብርሃን ሄዶ ተጠልሏል። በ2011 ዓ.ምም በዚያው አካባቢ ደም ፈስሶ ነበር። በሚያዝያው እሳት ጊዜ መንግሥት ሰሜን ሸዋንና የኦሮሞ ልዩ ዞንን በኮማንድ ፖስት ሥር አደረገ፤ ትናንት በአንድ ገበያ ይገናኙ የነበሩ መንደሮች ለቅሷቸውን በየፊናቸው ተቀመጡ። አሁን አንባቢ «ቆቁ ማን ነው? ጅግራውስ?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። አልመልስም። እናቱ የሞተችበት ሁሉ ይህን ሲሰማ ቆቁ እኔ ነኝ ይላል። ይበል።

ለጭጬ እናት ለቅሶ ተቀመጡ። ኳኳቴ በመጀመሪያው ቀን መጣ። ከተቃጠለው ቁጥቋጦ ማዶ ቆሞ፣ እንደ ዘሩ ወግ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ እየጮኸ አለቀሰላት። የቆቅ ለቅሶ ግን ዝምታ ነው። ጩኸቱን የሰሙት ለቀስተኞች «ይሄ ምን ሆኖ ነው? የኀዘን ነው የደስታ?» ተባባሉ። የጭጬ አክስት ወጥታ «ልጄ፣ ለዛሬ ሂድልን» አለችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቃሏም ክፉ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ሌላ ቆቅ ወጥቶ «ሂድ» አለው። በሦስተኛው ቀን አልመጣም፤ አለመምጣቱም ተቆጠረበት።

ከሰልስቱ በኋላ ወሬው መሰናዳት ጀመረ። መጀመሪያ «ጅግሮች ያን ሌሊት ዛፍ ላይ ነበሩ» ተባለ፤ እውነት ነው። ቀጥሎ «ዛፍ ላይ ስለነበሩ እሳቱን ከሩቅ አይተውታል» ተባለ፤ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ «አይተው ቀድመው ሸሹ» ሆነ። በሳምንቱ «ቀድመው የሸሹት ስለሚያውቁ ነው» ተባለ። ወሩ ሳይጋመስ «ለኮሱት» ላይ ደረሰ። ከአንዱ ወሬ ወደሚቀጥለው ያለው ርቀት ትንሽ ስለነበር ማንም እዘላለሁ ብሎ አልዘለለም፤ ሁሉም የተራመደ ነው የመሰለው።

አክስቱ አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጠች። «የእህቴ ልጅ» አለችው፣ «ደሟ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?»

የሰው ደም መላሽ ደሙን እስኪመልስ ጠጉሩን አይላጭም። ጭጬም አቧራ ላይታጠብ ማለ። ቅማሉ በላው፤ የአንገቱ ላባ ተነቃቀለ፤ ሌሊት ሌሊት ከማሳከኩ ብዛት እንቅልፍ አጣ። መንደሩ ግን እንዲያ ሆኖ ሲያየው አከበረው። ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት፤ ምስጥ ሲገኝ ቅድሚያ ሰጡት። ስሙን መጥራት ትተው «ደም ያለበት» ይሉት ጀመር። ትናንት ጫጩት ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እናቱ ከሞተች ወዲህ ትንሽ ሙቀት የሚሰማው በዚያ ክብር መካከል ሲቆም ብቻ ነበር። ኀዘን ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ቀኑ አይመሽም፣ ሌሊቱ አይነጋም። በቀል ግን ሥራ ይሰጠዋል። ለምን እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚይዝ ይነግረዋል። ብዙ ሐዘንተኛ ወደሷ የሚሄደው ደም ጠምቶት አይመስለኝም፤ ሥራ ፈትነቱ ከብዶት ነው።

በዚያ ቆላ አያ ኤሊ የሚሉት ሽማግሌ ነበር። አንዳንዱ ሽማግሌ፣ አንዳንዱ አበጋር ይለዋል፤ እሱ ለሁለቱም «አቤት» ይላል። ዘሩ የቆየ ነው። ቅድመ አያቶቹ በይፋት ሱልጣኖች ዘመን የሲራራ ግመሎች ወደ ዘይላ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር ሆነው አይተዋል ይባላል። እሱ ራሱ የ1953ቱን የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ በድንጋይ ልብሱ ውስጥ ተሸጉጦ ያሳለፈ ነው። ያን ጊዜ ማጀቴ ፈርሳለች፤ የደሴ መንገድ ተሰንጥቋል፤ ተራራው ድንጋይ ሲያንከባልል፣ ምድሩ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል።

ጭጬ ሄዶ ጠየቀው።

«አያ ኤሊ፣ በመንቀጥቀጡ ጊዜ የሞተባቸው ምን አደረጉ?»

«አለቀሱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጭቃ አቦኩ። ቤት መሥራት ነበረባቸዋ።»

«ደማቸውንስ ማን መለሰ?»

«ከማን ላይ ልጄ? ከካራ ቆሬ ተራራ ላይ?» አያ ኤሊ አንገቱን ትንሽ አወጣ። «ያን ጊዜ ቆቁም ጅግራውም አንድ ለቅሶ ተቀመጠ። ቀላል ነበር አልልህም፤ ግን መሬትን የሚከስስ አልነበረም። እሳት ከዚያ ይከፋል። እሳት ለኳሽ አለው።»

«ለኳሾቹማ ታውቀዋል። ጅግሮች ናቸው።»

«ስሙን ንገረኝ።»

«ጅግሮች አልኩዎት እኮ።»

«ሰማሁ። ከጅግራ ሁሉ ስሙን የምታውቀው ማን ነው?»

ጭጬ ብዙ ቆየ። «ኳኳቴ።»

«ቤቱንስ የምታውቀው?»

«የሱን።»

«እንግዲያ አሁን ከዚህ ተነሥተህ በጨለማ ብትሄድ፣ እግርህ የት ያደርስሃል?»

ጭጬ አልመለሰም። ነገሩ ገብቶታል። ገብቶትም ሄደ። ምክር የገባው ሁሉ ከመንገዱ ቢመለስ ኖሮ በይፋት ሽማግሌ ሥራ ይፈታ ነበር።

በሚያዝያ አንድ ሌሊት፣ እረኞች ትተውት ከሄዱት ምድጃ ፍም የያዘች ጭራሮ በአፉ አነሣ። በቀጥታ ወደ ኳኳቴ ቤት አልሄደም፤ ይህን ልመስክርለት። ወደማያውቀው ጅግራ ቤት ሊሄድ ሞከረ። ወደ ወንዙ ወረደ፣ ወደ እርሻው ዞረ፣ ከግራሩ ሥር ፈለገ። የጅግራ ጎጆ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ሣር ውስጥ ተፍቆ፣ በሣር ተሸፍኖ፣ አጠገቡ ቆመውም አይታይ። ጎጆው የሚታወቀው ባለቤቱ «ና ላሳይህ» ሲል ነው። ባለቤቱም እንዲህ የሚለው ለጠላቱ አይደለም። የዚያን በጋ ኳኳቴ ሚስት አግብቶ ጎጆ ሲፍቅ መጀመሪያ ያሳየው ለጭጬ ነበር።

እግሩም እዚያው አደረሰው።

የኳኳቴ ሚስት በአሥራ ሁለት እንቁላል ላይ ተኝታለች። ኳኳቴ ከጎኗ ቆሞ ይጠብቃል። አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር በጨለማው ውስጥ ስትመጣ አየ፤ ከፍታዋ የቆቅ አፍ ያህል ነው። ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ፤ ሌላ ቤቱን የሚያውቅ ቆቅ የለማ። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ መጣ። አንዴ ቢጮህ ዛፉ ላይ ያሉት ጅግሮች ሁሉ ይነቃሉ፤ ከነቁ ደግሞ ጭጬ ጎህ አይቀድለትም። ጩኸቱን ዋጠው። መቁጠር ጀመረ። ሠላሳን አለፈ። ስልሳን አለፈ። ቀይዋ ነገር ከጎጆው ሦስት እርምጃ ላይ ደርሳ ቆመች፤ አልቀረበችም፣ አልራቀችም። መቶ ሲሞላ ኳኳቴ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ጭጬ፣ አንተ ነህ?»

ጭራሮ በአፉ የያዘ ወፍ መልስ መስጠት አይችልም። ዝም ብሎ መመለስ ይችላል፤ ወርውሮ መሸሽም ይችላል። ነገር ግን ከመጋቢት ወዲህ በዚያ ስም የጠራው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ።

አፉ ሲከፈት ጭራሮዋ ወደቀች።

ሊለኩስ ነበር የመጣው? አዎ። ሊመለስ እያሰበ ነበር? እሱ አዎ ይላል፤ እኔም አምነዋለሁ። የቱ እንደሚያይል ሳይለይ ደረቁ ሣር ቀደመው። ያኔ ከጭጬ ጉሮሮ በቆቅ ዘር ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ወጣ። ጮኸ። ኳኳቴም ጮኸ። ጅግሮቹ ነቅተው ተበተኑ፤ የኳኳቴ ሚስት ክንፏ ተለብልቦ ወጣች። ከአሥራ ሁለቱ እንቁላል ሁለቱ ወዳጆች በእግራቸው እያንከባለሉ አምስቱን አተረፉ። አንድ እግሩን ለግሪሳ በተወረወረ ድንጋይ ያጣው አጎት ግን ሊሮጥ አልቻለም።

ጉባኤው በተቃጠለው ቁርቁራ ሥር ተቀመጠ። ቆቆቹ በአንድ ወገን፣ ጅግሮቹ በሌላው፣ መካከላቸው የአቧራው ጎድጓዳ። አያ ኤሊ የኋለኛውን እሳት ማን እንደለኮሰ ጠየቀ። «ቆቆች!» አሉ ጅግሮቹ በአንድ ድምፅ። ቆቆቹ «አናውቅም፤ ማንም ይሁን እጁ ይባረክ» የሚል ፊት አሳይተው ጭጭ አሉ። ሁሉም ዞሮ ኳኳቴን አየ፤ ያን ሌሊት እዚያ እንደነበረ ይታወቃላ። ኳኳቴ መሬት መሬቱን ያያል። እንደገና መቁጠር ጀምሮ ነበር።

ጭጬ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ።

ደስ ይላቸዋል የተባሉት ጅግሮች ደስ አላላቸውም። ለቆቅ ዘር ሁሉ የሚበቃ ቁጣ ይዘው ነበር የመጡት። አሁን የቆመላቸው ቅማል የበላው፣ አንገቱ የተመለጠ አንድ ጎረምሳ ነው፤ ቁጣውን ማን ላይ ያራግፉት? «ብቻህን ነህ? ማን ላከህ? ስንት ነበራችሁ?» እያሉ ሊያበዙት ሞከሩ። እሱ ግን «ብቻዬን ነኝ» አለ። አክስቱ በበኩሏ ፊቷን ሸፈነች። «በእናትህ ደም ላይ ውሃ ቸለስክበት» አለችው። እሷን የከነከናት ሌላ ነገር ነው። በዚህ በኩል ለኳሹ ስም ካለው በዚያም በኩል ሊኖረው ነው። ከእንግዲህ «ጅግሮች» ብሎ መማል ሊያስቸግር ነው።

አያ ኤሊ ቀስ ብሎ ወደ ጅግሮቹ ዞረ። «የኋለኛው እሳት ባለቤት ተገኘ። የፊተኛውስ? ዛፍ ላይ ሆናችሁ ምን አያችሁ?»

እንሽላሊት ባዩ ቁጥር አገር የሚያናውጡት ጅግሮች ጭጭ አሉ። ቆቅ እንኳ እንዲያ ጭጭ ብሎ አያውቅም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዱ «ጨለማ ነበር» አለ። ሌላው «ጭስ ነበር» አለ። ሦስተኛው «እኛም እኮ ሸሽተናል፤ ለኛስ ማን አለቀሰ?» አለ፤ እሱም እውነቱን ነው፤ ግን የተጠየቀው እሱ አልነበረም።

አያ ኤሊ በጭጬ ላይ ፈረደ። ለኳኳቴ አጎት ደም ካሳ ተቆረጠ፤ ማሽላ ከሰበሰበ ከሁለት አንዱን ለሟቹ ቤት ሊያገባ። ከዚህም ሌላ የተረፉት አምስቱ እንቁላሎች እስኪፈለፈሉ ከጎጆው አጠገብ ቆሞ ሊጠብቅ። የጅግራ እንቁላል ለመፈልፈል አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የፊተኛው እሳት ነገር ለሚመጣው እሑድ ተቀጠረ። በሚመጣው እሑድም «ጨለማ ነበር» ተባለ፤ እንደገና ተቀጠረ።

ጭጬ ጥበቃውን ያዘ። ኳኳቴ አያናግረውም። አንዱ በጎጆው ምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ ይቆማል። የኳኳቴ ሚስት በመጀመሪያው ሳምንት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች፤ ከዚያ በኋላ ጎኗን። አንድ ቀን ከወዲያኛው ቆላ የመጣ መንገደኛ ጅግራ ጭጬን ሲያይ ክንፉን ነፋ።

«ይሄ አይደለም እንዴ ያቃጠላችሁ? ምን ትጠብቃለህ? በለው እንጂ!» አለው ኳኳቴን።

«ስሙን ታውቀዋለህ?»

«የቆቅን ስም የት አውቄ?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ኳኳቴ። «ውሃ የምትፈልግ ከሆነ ወንዙ በዚያ ነው።»

መንገደኛው ሄደ። ሁለቱ በየቦታቸው ቀሩ። ይቅር ተባባሉ እንዳልል አልተባባሉም፤ ኳኳቴ አጎቱን ይወድ ነበር። ሌሊት ላይ ግን፣ የኳኳቴ ሚስት ስታንቀላፋ፣ ጭጬ ከምዕራቡ በኩል ተናገረ።

«የእናቴ ቀን ዛፍ ላይ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ጨለማ ነበር?»

ኳኳቴ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሳት ሲለኮስ ብርሃን አለው፤ ጭጬ።»

«አይተሃል ማለት ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ጅግራ ነው?»

«ምን ልንገርህ? ዘሩን ነው ስሙን የምትፈልገው?»

ጭጬ አንገቱን አከከ። ከመሐላው ወዲህ አንዴም አልታጠበም። «ስሙን» አለ።

«ላንተ አልነግርህም። ላንተ ብነግርህ ዛሬውኑ ትሄዳለህ፤ ቤቱንም እኔ እንዳሳየሁህ ይሆናል። እሑድ፣ ሁሉ ባለበት እናገረዋለሁ።»

«ቤተ ዘመዶችህ ከዛፉ ያወርዱሃል።»

«ከመጋቢት ወዲህ መቼ ወጣሁና!»

እሑድ ጉባኤው ሞላ። እንቁላሎቹ እየተፈነከቱ ስለነበር የኳኳቴ ሚስት አልመጣችም። የጭጬ አክስት ከፍርዱ ወዲህ ቀርታ የነበረች፣ ነገር ሰምታ ኖሮ፣ መጥታ ከቆቆቹ ጫፍ ተቀመጠች። አያ ኤሊ የለመደውን ጥያቄ ጠየቀ። አንዱ ሽማግሌ ጅግራ የለመደውን መልስ ሊመልስ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ኳኳቴ ተነሣ።

«ልጅ፣ ተቀመጥ» አለው ሽማግሌው።

«አልቀመጥም።»

«ተቀመጥ አልኩህ! የራስህን ወገን ነው የምታዋርደው።»

ከቆቆቹ በኩል ደግሞ አንድ ድምፅ «በሉ ይናገር! ምን ነበር ያልነው? ጅግሮች ናቸው አላልንም?» ብሎ መጮህ ሲጀምር፣ የጭጬ አክስት ዞራ «ዝም በል አንተ፤ ልጁ ስም ሊጠራ ነው» አለችው።

ኳኳቴ እስከ መቶ አልቆጠረም። «በመጋቢቱ እሳት ሌሊት ከሾላው ላይ ነበርኩ» ብሎ ጀመረ፣ «ከኔ ጋር ደግሞ አምስት ሆነን ነው ያየነው፤ አራቱ እዚህ ተቀምጠዋል።»